ችካል

ከብሎክ ሰማንያ ሰባት ጀርባ፣ ግንብ ያልደረሰው፣
ባለቤት የሌለው
(ሳላውቅ ነው ያልኩት)
አንድ ሜዳ ነበር ኮዬ ፈጬ ዳር፣ አረም የወረሰው።

አንዱ ጎል ሁለት ድንጋይ፤ ሌላው አንድ ድንጋይና
የውቤ ግራ ጫማ፤
ውቤ በአንድ ጫማ ሲሮጥ ይብሳል ፍጥነቱ፣
ጥፍሩ እየደማ።

እኔ በረኛ ነኝ።
እናቴ ክሊኒክ የምታጸዳበትን ቢጫ ጓንት ስቤ፣
መዳፌ በረኪና እየሸተተ
ጎል ላይ እቆማለሁ በሁለት ልቤ፤
አንዱ ልቤ ከኳሷ፣
አንዱ ልቤ ከጀሪካን ሰልፍ፣ ውሃ መጥቶ እንደሁ፤
የቱ ቢያመልጠኝ የበለጠ እንደምሰደብ
እያሰላሁ።

አንድ ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት፣ ሃያ ሃያ ብር ከፍለን፣
ጨዋታው ሳይጀመር
ሣሩን ውሃ ሲያጠጡት አየን።
ቤቱ ጸጥ አለ።
ገመቹ ነው ከኋላ ወንበር፦
«እኛ ብሎክ ማክሰኞ ሌሊት ነው የሚመጣው፣
ለሣሩ ንገሩት» ያለ።
ሳቅን።
ሳቃችን እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ
ከጀሪካኑ ጋር ተሸከምነው።

ሙንተስር ከኡምዱርማን ነው።
ሦስት ቀን ዳር ቆሞ አየን፤
በአራተኛው ገባ፣ ማንም ሳይጠራው።
«ባስ!» አለ እጁን ሰቅሎ። «ባስ! ባስ!»
«አውቶቡስ መጣ!» አለ ውቤ፤ ሜዳው ተንከተከተ፤
እሱም አብሮ ሳቀ፣ ነገሩ ሳይገባው።
ቆይቶ ነው የገባን፦
በአፉ ውስጥ «ፓ» የለችም፤
ኳስ ግን በእግሩ አለች።

እነሱ ሠፈር ፀሐይ ሲበርድ፣ አሸዋ ላይ ነው፤
ዳፉሪ ይሉታል።
አማርኛው ጠና ሲል ጠየቅሁት፣
የመጨረሻው ጨዋታ እንዴት አለቀ?
«አላለቀም» አለኝ።
«ሦስት ለሁለት እየመራን
ተኩስ ነው ያቋረጠን።»
እስከ ዛሬ
እየመራ ነው የሚኖረው።

ሳሊየም ግን ኳስ አትወድም።
አስመራ ላይ ወንድሟ ኮርቻ ላይ ነው ያሳደጋት፤
ግማሽ ሰዓት ብስክሌት ተከራይታ
መኪና ባልጀመረው አስፋልት፣ በአዲሱ፣
ቁልቁለቱን ስትለቀው ቀሚሷ ሸራ ይሆናል በነፋሱ።
«ከየት ነሽ የሚለኝ የለም» ትላለች፣ «እዚያ ላይ፤
ቢበዛ፣ ወዴት ነሽ ነው።»

ለሊሴ ደግሞ፣
ኮርና ልትመታ ኳሷን ጥግ አስቀመጠችና
ቀና ሳትል፦
«እዚህ ጋ ሽንብራ ነበር። የአባቴ።»
ማንም ምንም አላለ።
«ይኼ ጥግ ድንበራችን ነው፤ እዚህ ነበር እሸት የምንቀነጥሰው።»
ብላ መታችው።
በአናቴ ላይ አለፈ።
ልይዘው እችል ነበር፤
እጄ አልተነሳም።

ሐሙስ ዕለት ሦስት ሰዎች መጡ፣
ሜትር የያዘ፣ መዶሻ የያዘ፣ ምንም ያልያዘ፤
የታዘዙት ምንም ያልያዘውን ነው።
ቀይ የተቀባ ችካል ቸክለው፣
እኛን እንደ ጥላ ረግጠው ሄዱ።
ውቤ ጫማውን አነሳ።
ችካሉን አየ፣ እኛን አየ፣
«ቋሚ እኮ ነው!» አለ።

ዘጠኝ ቀን፣
የማይንሸራተት፣ «ገብቷል»፣ «አልገባም» የማያባብል
የእውነት ጎል ነበረን።
(ውቤ በሁለት ጫማ መሮጥ ጀመረ፤
ፍጥነቱ ግን ቀነሰ።)

አሁን ቆርቆሮ ነው።
እኛ በዚህ በኩል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣
በመስኮት እየተጮኸብን።
ኳሷ አጥሩን ትዘላለች፣ ብዙ ጊዜ በስህተት፤
አንዳንዴ ግን፣ አይወራ እንጂ፣
ለሊሴ ሆን ብላ ነው የምትለጋት፤
እሷ እንኳ ትድረስበት፣
እሷ እንኳ ትንከባለልበት።

ከዚያ ዝም እንላለን።
ጠጠር ላይ የዘበኛው ኮቴ።
ሙንተስር ለማይታይ ሰው እጁን ይሰቅላል፦
«ባስ!»
ከወዲያ አንድ ጠንካራ ምት፤
ግራ እግሩ ነው፣ ከአመጣጧ ያስታውቃል።
ኳሷ በቆርቆሮው ላይ ብቅ ስትል
ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ
በረኪና የሚሸት እጄን
አነሳለሁ።